አንድ የቀረ የአጥቂ ቦታ

ጥር 3 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ጤናዎ እንዴት ይዞዎታል? ብርዱስ ጉልበትዎን ማረልዎ? እኛ ተመስገን ነው፤ ዘንድሮ ሳል እንኳ በራችንን አላንኳኳም። እናቴ "ያንን የአክስቴን ልጅ ሰላም በዪልኝ፤ ዕድሜውን ያርዝመው፣ ደግሞ ኮፍያ ያድርግ" ብላለች።

ልደውልልዎ አስቤ ነበር። ግን ባለፈው ስደውል "የተጫዋች ነገር በስልክ አይወራም፤ በስልክ ሰው ያጋንናል፤ ጻፊልኝ" ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉብኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአስራ ሰባት ዓመት በታች የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ከሆንኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መጋቢት ላይ ከሜዳችን ውጪ ማጣሪያ አለን። ዋናው አሰልጣኝ ቡድኑን መርጦ ጨርሷል፤ የቀረችው አንዲት የአጥቂ ቦታ ናት። እሷን ለእኔ ጣላት። "አንቺ አጥቂ ነበርሽ፤ አንቺው ጨርሻት" አለኝ፣ ሻዩን ፉት እያለ። ጣጣውን ከራሱ ላይ ማራገፉ መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ቦታዋ አንድ፣ ልጆቹ ሁለት ናቸው። ስማቸውን ተዉትና በማሊያቸው ቁጥር ይወቋቸው። ሰባት ቁጥር ቀጫጫ ናት፤ ንፋስ ሲነሳ ማሊያዋ ብቻውን የሚሮጥ ይመስላል። ጎል ብዙም አታገባም። ግን በልምምድ ጊዜ ለሁለት ስንከፍላቸው እሷ ያለችበት ወገን ያሸንፋል። ለምን? እኔ እንጃ! ይኼ ነገር አላስተኛኝ ብሏል። አስራ አንድ ቁጥር ደግሞ እሳት ናት። ኳስ እግሯ ሥር ከገባ ተከላካይዋ ዞራ እስክታያት ድረስ በረኛዋ ፊት ደርሳለች። ጎል ታገባለች፤ ስታገባም ሜዳው ሁሉ ይሰማል።

የምጽፍልዎ መልበሻ ክፍሉ ጥግ ተቀምጬ ነው፤ ቢሯችን እሱ ነው። አንድ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ አለን፤ የኳስ መረብና እርጥብ ካልሲ አላስቀምጥ ብሎኛል። የሦስት ጨዋታ ቪዲዮ ልኬልዎታለሁ። እርስዎ እዚያ ባሕር ማዶ ክለብ ውስጥ የልጅ አጥቂ ሲመለምሉ ነው የሚውሉት። በሞቴ፣ እርስዎ ቢሆኑ ማንን ይይዙ ነበር?

አክባሪዎ
ሽቦ


ጥር 14 ቀን

ለእህቴ ልጅ ለሽቦ፤

እንደምን ከረምሽ? የኔ ጉልበት ከእኔ ጋር መኖር ከሰለቸው ቆይቷል፤ ሌላው አካሌ ግን ገና አልተጣላኝም። እናትሽን ግንባሯን ሳሚልኝ። ኮፍያውን አድርጌያለሁ በያት።

ቪዲዮውን አየሁት። መጀመሪያ ልቆጣሽ። ምን ነካሽ? ካሜራሽ ኳስ ሲከተል ነው የሚውለው! ኳሱን ለማየትማ ማንም አላፊ አግዳሚ ይበቃል። አንዲት አጥቂ በአንድ ጨዋታ ኳስ እግሯ ላይ የሚቆየው ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረውን ሰዓት ሁሉ ምን ስትሠራ ትቆያለች? እኔ ማየት የምፈልገው እሱን ነው።

የምንሠራበት ክፍል ጠባብ ናት። ሁለት ስክሪን፣ አራት ወንበር፣ መስኮቱ ሥር ማሞቂያ፤ ማሞቂያው ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ እርጥብ ጓንት። አራት ሆነን እንቀመጥና በአንዲት ልጅ ላይ ግማሽ ቀን እንነታረካለን። አንዱ የድሮ በረኛ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ጎል ስለገባበት አጥቂ የሚባል ፍጡር አይወድም። ለዚህ ሥራ ግን እንደሱ ያለ አይገኝም፤ የሚያሞኘው ነገር የለም።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊልኝ። አንድ ግማሽ ሙሉ ካሜራውን ሰባት ላይ ብቻ አድርጊ። ሌላውን ግማሽ አስራ አንድ ላይ። ኳሱ የትም ይሂድ፣ ጎልም ይግባ፣ ካሜራሽ ንቅንቅ እንዳይል። ኳሱ ከመድረሱ በፊት ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ታያለች ወይ? ቡድኗ ኳስ ሲነጠቅ መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው? እነዚህን ሁለቱን ንገሪኝ።

ሌላ ጥያቄ። አስራ አንድ ቁጥር ሌሎቹን በጭንቅላት ትበልጣቸዋለች። መቼ ነው የተመዘዘችው? እናቷስ ረጅም ናት? ሳቂብኝ ግድ የለም፤ እኛ ዘንድ የወላጅ ቁመት ሳይጠየቅ ልጅ አይመዘንም። ቀድማ ያደገች ልጅ ዛሬ በጉልበት የምታሸንፋቸው ነገ ሲደርሱባት ምን ይቀራታል የሚለው ነው ነገሩ።

ያቺ ልጅሽስ እንዴት ናት? እኔ ከአገር ስወጣ ጡጦ ይዛ የምትድህ ነበረች። ስለ እሷ ምንም አትጽፊም።

ጋሼሽ


ጥር 25 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ከእግርዎ እስከ ራስዎ ይድረስ፤ ጉልበትዎ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይቆይ። እኛ ደህና ነን። ልጄም ደህና ናት፤ ትምህርቷን ትማራለች።

ያሉኝን አደረግኩ፣ መሳቂያም ሆንኩ። ከሜዳው አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ፎቅ ሰገነት ላይ ወጣሁ፤ ዘበኛው ወንበር አመጣልኝ። ከዚያ ካሜራዬን ሰባት ቁጥር ላይ ተክዬ ቁጭ። ኳሱ እዚያ ጥግ እየተጨፈረበት እኔ ባዶ ሜዳ ላይ የቆመች ልጅ እቀርጻለሁ። ከሥር ያሉት ተመልካቾች አላስቻላቸውም። "ሴትዮ፣ ኳሱ እዚያ ነው!" ይሉኛል። ዘበኛው እንኳ አዝኖልኝ በጣቱ ሲያሳየኝ ነበር።

ግን ጋሼ፣ ጉድ ነው ያየሁት! ሰባት ቁጥር ኳሱ ወደ እሷ ሳይመጣ በፊት አንዴ በግራ ትከሻዋ፣ አንዴ በቀኝ ትከሻዋ ታያለች፤ መንገድ እንደሚሻገር ሰው። ደግሞ ዝም ብላ፣ እንደ ሰነፍ፣ ምንም ወደሌለበት ወደ ዳር ትሄዳለች። ተከላካይዋ እሷን ብላ ትከተላለች። ያኔ መሐሉ ይከፈትና ሌላዋ ገብታ ታገባለች፤ ጭብጨባውም ላገባችው። ስንት ወር አሰልጥኛት ይኼን አላየሁም። ኳሱን እያየሁ!

አስራ አንድ ቁጥር ደግሞ ቆሽቴን አሳረረችው። ኳስ ከሌላት እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች። የፀጉር ማሰሪያዋን ትፈታለች፣ ታስራለች፣ ደግማ ትፈታለች። ቡድኗ ሲነጠቅ ቲኬት ገዝቶ እንደገባ ሰው ቆማ ታያለች። ኳሱ ሲደርሳት ግን ያው እሳት ናት፤ ሁለት አገባች። ሰባት ቁጥር ተመትታ ስትወድቅም ከማዶ ሮጣ ያነሳቻት እሷ ነበረች፤ ይኼንንም ይመዝግቡልኝ፣ መመዝገብ ካለበት።

እናቷን ጠይቀውኝ ነበር። ረጅም ናት ይላሉ። ልጅቷ የተመዘዘችው ካለፈው ክረምት ወዲህ ነው።

ዝርዝሩን የምናስገባው የካቲት አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው። አዲሱን ቪዲዮ ልኬልዎታለሁ፤ እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

ሽቦ


የካቲት 12 ቀን

ለሽቦ፤

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ዘገየሁብሽ፤ ሥራ በዝቶ ነው።

ሰባትን ያዢ።

አስራ አንድ ፈጣን ናት፤ ግን ፍጥነቷ የቁመቷ ነው። ሌሎቹ ልጆች አድገው ሲደርሱባት ሌላ መላ መማር ይኖርባታል፤ ልትማር ትችል ይሆናል፣ ላትማርም ትችላለች። ሰባት ያላት ግን ዓይን ነው። ዓይን በልምምድ ይሳላል እንጂ ከሌለ አይፈጠርም፤ ብዙ ልጅ አይቼ ነው የምልሽ። ሥጋ ስትለብስና ጉልበት ስታገኝ ይቺ ልጅ ሌላ ሰው ነው የምትሆነው።

የምነግርሽ ይኼው ነው። አንቺም የምትነግሪኝ ነገር ካለ ንገሪኝ።

ጋሼሽ


የካቲት 20 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኛ በጤና ደህና ነን። በሌላ በሌላው ደህና አይደለንም።

ሰባትን ይዣለሁ። ዝርዝሩ ገብቷል፤ መልበሻ ክፍሉ በር ላይም ተለጥፏል። ዋናው አሰልጣኝ ወረቀቱን አይቶ እኔን አየኝ፣ ደግሞ ወረቀቱን አየና "እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ። "እርግጠኛ ነኝ" አልኩት።

ጋሼ፣ አስራ አንድ ቁጥር ልጄ ናት። ያቺ በጡጦ የሚያውቋት።

ካምፑ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ያልነገርኩት ለእርስዎ ብቻ ነው። ከነገርኩዎት ይራሩላታል ብዬ ነው። ማንነቷን የማያውቅ አንድ ሰው እንዲፈርድልኝ ፈልጌ ነው። "እናቷ ረጅም ናት ይላሉ" ብዬ ስጽፍልዎ ብቻዬን ስቄ ነበር፤ አሁን ሳቁ ጠፍቷል።

ወረቀቱን ያነበበችው ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ነው። ከላይ እስከ ታች አነበበች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የታኬታዋን ክር ፈታች፣ አወለቀች፣ ጥንዱን በእጇ አንጠልጥላ በካልሲዋ ወጣች። ሮጬ ልከተላት ነበር፤ ሌሎቹ ልጆች እያዩኝ ነበርና ቀረሁ። እዚያ በር ላይ አሰልጣኝ ነበርኩ እንጂ እናት አልነበርኩም።

ቤት ውስጥ ያዘዝኳትን ሁሉ ትሠራለች። ስጠይቃት "እሺ" ወይ "አይ" ትላለች፤ ሦስተኛ ቃል የላትም። ምግቧን ክፍሏ ይዛ ትገባለች። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ በወደድኩ! እናቴ ደግሞ ትነዘንዘኛለች። "ከሰው አገር ልጅ ጋር አይደለም እኮ የምትፎካከሪው፣ የገዛ ልጅሽ ናት" ትላለች።

የምጽናናው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እርስዎ ልጅቷን ሳያውቋት "ሰባትን ያዢ" አሉ። እሱን ተደግፌ ነው ስሟን ያስቀረሁት። እርስዎ ባይኖሩ እጄ እሺ አይለኝም ነበር።

ሽቦ


የካቲት 28 ቀን

ለሽቦ፤

እንዴት አደርሽ፣ እንዴት ዋልሽ ብዬ ልጀምርና ወደኋላ እላለሁ። እንግዲህ ልንገርሽ።

አውቅ ነበር።

መጀመሪያ በላክሽልኝ ቪዲዮ ላይ ሰባት ቁጥር ስትወድቅ ከካሜራው ጀርባ "እኔን!" የሚል ድምፅ ይሰማል። ያንቺ ድምፅ ነው። የባላጋራ በረኛ ስትወድቅም "እኔን!" ብለሻል። አስራ አንድ ቁጥር ስትወድቅ ግን ትንፍሽ የለም። ኳሱ ወደ ማዶ ሄዷል፤ ካሜራው ግን ልጅቷ ላይ ቀርቷል፣ ተነስታ ጉልበቷን እስክታራግፍ። ኳስ ስትከተዪ የዋልሽ ሴትዮ! ለሰው ልጅ ሁሉ አፍሽ የሚፈታው፣ ለእሷ ብቻ ለምን ተያዘ? ያኔ ነው የእናቷን ቁመት የጠየቅኩሽ። ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር። አልነገርሽኝም፤ እኔም አላወጣጣሁሽም።

ያዘገየኝ ሥራ አይደለም። ቪዲዮውን በከፈትኩ ቁጥር "ዘመድ ናትና አዳላለሁ" ብዬ እፈራለሁ፤ ስፈራ ደግሞ ጥፋቷን እለቅማለሁ። እጇን ወገቧ ላይ ያደረገችውን ስቆጥር ውዬ ሁለት ጎሏን እንደ ቀላል ነገር አለፍኩት። እንዳላዳላላት ፈርቼ በደልኳት ማለት ነው።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ አላስቀመጠኝም። ቪዲዮውን ለዚያ ለድሮው በረኛ ሰጠሁት፤ ድምፁን አጥፍቼ፣ ማን እንደሆኑ ሳልነግረው። አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። "ለመቼ ነው?" አለኝ። "ለክለባችን ከሆነ ቀጭኗን፤ ከአራት ዓመት በኋላ ታመሰግነኛለህ። ለሚመጣው ወር ከሆነ ምን ትጠይቀኛለህ? ረጅሟን ነዋ!" አለኝ።

ይኸውልሽ የእኔ ስህተት። እኔ እንጀራዬ ልጆቹ አድገው ምን እንደሚሆኑ መገመት ነው፤ ሌላ ጥያቄ መመለስ ረስቻለሁ። አንቺ የጠየቅሽኝ የመጋቢትን ነው። እኔ የመለስኩልሽ የማትሄጂበትን ጨዋታ ነው።

ዝርዝሩ እንደማይቀየር አውቃለሁ። ግን በእኔ ቃል ተደገፍኩ አልሽኝ፤ የተደገፍሽበት ምን እንደሆነ ሳልነግርሽ ብቀር ለራሴም አልሆንም። ይቅር በይኝ። ልጅቷንም ይቅርታ እንድጠይቃት ትፈልጊ እንደሆነ ንገሪኝ።

ጋሼሽ


መጋቢት 17 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ይኼን የምጽፍልዎ ከሆቴል ነው። ጨዋታው ትናንት አለቀ፤ ልጆቹ ተኝተዋል ተብሎ ይታሰባል፣ ኮሪደሩ ግን በሳቅ ይናጋል። እርስዎ በጤና አሉ? ይኑሩልኝ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ አበድኩ። ሰው እንዴት እያወቀ ዝም ይላል ብዬ መልበሻ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ። አልመልስለትም ብዬ ማልኩ። ኋላ አውቶቡሱ ውስጥ ልጆቹን ስቆጥር የአንዷ ቦታ ባዶ መሰለኝ፤ ሞልቶ እያለ። ያኔ ከራሴ ጋር ተፋጠጥኩ። እርስዎ "ዘመድ ናት" ብለው ፈሩ። እኔስ? "ልጇን ወሰደች" መባልን ፈርቼ አይደለም? እርስዎ "አስራ አንድን ያዢ" ቢሉኝ ኖሮ እይዛት ነበር? እውነቱን ልንገርዎት፣ ሌላ ሰው ፈልጌ እጠይቅ ነበር። ስለዚህ ይቅርታዎን ተቀብያለሁ፤ ግማሹን ለእኔ አስቀርቼዋለሁ።

ሰባት ቁጥርን ደግሞ አያሳንሱብኝ። ያለአግባብ አልመጣችም። ዓይኗ እውነት ነው።

የመጀመሪያው ግማሽ መከራ ነበር። አንድ ለዜሮ ተመራን። የእነሱ አራት ቁጥር፣ የመሐል ተከላካይ፣ ግንብ ናት። ሰባት ቁጥር ወደ ዳር ብትስባት አትሳብም። ዋናው አሰልጣኝ ጠርሙስ በእግሩ መታ። ለእረፍት ስንገባ የውሃ ካርቶን እየከፈትኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ከቤት ነው።

እናቴ ሞተች ብዬ ነው ያነሳሁት። ልጄ ናት። ሰላምታ የለም፣ እንዴት ነሽ የለም። "አራት ቁጥሯ ኳስ በመጣ ቁጥር በቀኟ በኩል ብቻ ነው የምትዞረው። አንዴም በግራዋ አልዞረችም። ሰባትን በግራዋ ትቁምባት በያት" አለችኝና ዘጋችው።

ጋሼ፣ ከዚያ ወረቀት ወዲህ ያወራችኝ ረጅሙ ወሬ ይኼ ነው! ደግሞ እኔ ከመስመሩ ዳር ቆሜ ያላየሁትን እሷ ከቤት ሆና፣ በቴሌቪዥን፣ ኳስ የሌላትን ተከላካይ ስታይ ነው የዋለችው። ማን አስተማራት? እኔ እንደሆንኩ አላስተማርኳትም።

ሰባት ቁጥርን ጠርቼ ነገርኳት። "ማን አየው?" አለችኝ። "አስራ አንድ" አልኳት። "አይ እሷ!" ብላ ሳቀች፣ ካልሲዋን ሳበችና ወጣች።

ወጥታም በግራዋ ቆመችባት። ግንቡ ተሰነጠቀ ልበልዎት። አንድ ኳስ ተቀብላ፣ ትከሻዋን አይታ፣ በዚያው በግራ አልፋት ለአማካይዋ አመቻቸችላት፤ አንድ ለአንድ ሆንን። መጨረሻ ላይ ደግሞ ብቻዋን ከበረኛዋ ጋር ተፋጠጠች። እግሯ ከበዳት፤ ጉልበት አልቆባት ነበር። የመታችው ኳስ ቋሚውን ገጭቶ ወጣ። እዚያው አቻ ቀረን፤ የመልሱ ጨዋታ በሜዳችን ነው። ዋናው አሰልጣኝ ለመልሱ ዝርዝሩ እንደገና ይከፈታል ብሎኛል። እኔም "አጥቂዋን አሁን አንተ ምረጥ፤ እኔ ስለ ሁለቱም ያየሁትን እነግርሃለሁ፣ አንዷ ልጄ መሆኗንም ጨምሬ" አልኩት።

ማሊያ ሰብስቤ ስጨርስ ስልኬን አየሁት። ከልጄ መልዕክት አለ። "የመጨረሻዋን እኔ ብሆን አገባት ነበር" ይላል። እውነቷን ነው፤ ታገባት ነበር። ከሥሩ ደግሞ ሌላ መስመር አለ። "በልተሻል?" ይላል።

ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም ነበር። "በልቻለሁ" ብዬ ጻፍኩላት። ከዚያ ወርጄ፣ ምግብ ቤቱ ሊዘጋ ሲል፣ ያለውን አስቀርቤ በላሁ።

ሽቦ